ጭኖ መለካት፦ በሞተር ድንበር ለመሻገር የዘጠኝ ሳምንት ዝግጅት

ሳምንት 1

ሞተሩ 250 ሲሲ፣ ነጠላ ሲሊንደር፣ ካርቡሬተር ያለው፣ ታንኩ 11 ሊትር የሚይዝ ነው። እስካሁን 34 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። መንገዱ ደርሶ መልስ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 260 ኪሎ ሜትሩ ጠጠር ነው። ጓደኛዬ በራሱ ሞተር አብሮኝ ይሄዳል። ለመንገዱ አሥራ ሁለት ቀን ይዘናል።

በጀቱን በአምስት ከፈልኩት፦ ነዳጅ፣ ማደሪያና ምግብ፣ የሞተሩ ጥገና፣ ወረቀትና ኢንሹራንስ፣ መጠባበቂያ። ለወረቀት ከሁሉም ያነሰውን፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን መደብኩ። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይህ ቁጥር ስህተት መሆኑ ታወቀኝ።

ሊብሬው በአጎቴ ስም ነው። ሞተሩን ከሰጡኝ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ስም ለማዞር ግን ሁለታችንም አልተቻኮልንም። አገር ውስጥ ስነዳ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ድንበር ላይ ግን ጉምሩክ መጀመሪያ የሚያየው ይኼንኑ ነው፦ ተሽከርካሪው የማን ነው፣ የሚያሻግረውስ ማን ነው። ስሙ ካልገጠመ፣ ባለቤቱ ሞተሩን ከአገር እንዳወጣ የፈቀዱበት ውክልና ያስፈልጋል፤ ውክልናው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በግልጽ መጥቀስ፣ መረጋገጥና ጎረቤት አገር በሚነበብ ቋንቋ መተርጎም አለበት። ወይ ውክልና ወይ ስም ማዞር ነው ምርጫው። አጎቴን ስጠይቃቸው «ውክልናው ለአንድ ጉዞ ነው፤ ስሙን አዙረውና ይገላገል» አሉኝ። ስም ማዞሩ ይበልጣል፤ ሆኖም ዘጠኝ ሳምንት ላይበቃ ስለሚችል ሁለቱንም ጎን ለጎን ጀመርኩ።

የሻንሲ ቁጥሩን በአካል ለማየት የመሪውን አንገት በቤንዚን ጨርቅና በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። ቅባትና ቀለም ሸፍኖት ስለነበር ከመጽዳቱ በፊት አንዱን 8 እንደ 3 ነበር የማነበው። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ገጥሟል። ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። ኬላ ላይ ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ ሲያነብ ቁጥሩ ጎልቶ እንዲታየው ቀጭን የዝገት መከላከያ ቀባሁበት።

ሳምንት 2

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ። ሁለት ዓይነት ነው በብዛት የሚሠራበት፦ እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የሚሰጠውና በ1968ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት የሚሰጠው። የመጀመሪያው ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ ሁለተኛው እስከ ሦስት ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ የአገር ውስጡ መንጃ ፈቃድ ካለቀ ግን እሱም አብሮ ያልቃል። የምንሄድበት አገር የተቀበለው የቱን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሕጋዊ ወረቀት ይዞ ወረቀት እንደሌለው ሰው መቆጠር አለ።

የዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዱን ደብተር ተቀብዬ ቤት ስገባ ገለጥኩት። የሞተር ሳይክል ምድብ «ኤ» ነው፤ ማህተሙ ግን ያረፈው «ቢ» ላይ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ተመልሼ አስተካከልኩ፤ ግማሽ ቀን ሄደ። ወረቀት ሲሰጣችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት።

ሌላው ስም ነው። ፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ «ኤስ» አለው፤ መንጃ ፈቃዴ ላይ ሁለት። በአማርኛ አንድ ዓይነት የሆነው ስም በላቲን ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። አዲሱ ሊብሬ ገና ስላልወጣ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲሞላልኝ ቅጂ አያይዤ አመለከትኩ። ከዚህ በኋላ የማወጣው ወረቀት ሁሉ ፓስፖርቱን እንዲከተል ወሰንኩ። መንጃ ፈቃዱንም በዚያው አሳረምኩት፤ ደብተሩ ግን በአሮጌው አጻጻፍ ስለወጣ ሌላ መክፈል ነበረብኝ። ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን ነበረበት፦ መጀመሪያ ስም ማስተካከል፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ።

ሳምንት 3

የዕቃ መጫኛና ሻንጣ። ወደዚህ ክፍል የገባሁት በጣም ጓጉቼ ነበር፤ የተሳሳትኩትም ከሁሉም በላይ እዚህ ነው።

ከላሜራ ሁለት የጎን ሣጥን አሠራሁ፤ መጫኛውን ከቱቦ ብረት አበየድኩ። ሲታይ ጠንካራ ነው። ሣጥኖቹ የተሳፋሪውን እግር እንዳይነኩ ብዬ ወደ ኋላ ገፋኋቸው። የምሄደው ግን ብቻዬን ነው፤ የሌለ ተሳፋሪ እግር ነበር ያሳሰበኝ።

ቅዳሜ በጠጠር መንገድ ሙከራ ወጣሁ። 180ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከኋላ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማሁ፤ ወርጄ ሳይ የግራው መጫኛ ከብየዳው ጠርዝ ተሰንጥቆ በአንድ ብሎን ብቻ ተንጠልጥሏል። በገመድ አስሬ ቀስ እያልኩ ተመለስኩ።

የተሰነጠቀው ብየዳው ራሱ አይደለም፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ቱቦ ነው። ጋሼ፣ ሞተሬን ለዓመታት የሠሩልኝ መካኒክ፣ ስብራቱን በጣታቸው እየዳሰሱ አሳዩኝ። ብረቱ ሲበየድ ከዳሩ ያለው ቦታ ተቃጥሎ ባሕርዩ ይቀየራል። ሣጥኑ ከኋላ ጎማ አክሰል አልፎ ስለተቀመጠ በየጉድጓዱ እንደ ረጅም ማንሻ እየሠራ ያንኑ ቦታ ያጥፈዋል። ቱቦውን የሚደግፍ ሰያፍ ዘንግም አልነበረም። «ብረት አጠንክረህ አትረታውም፤ ክብደቱን ወደ አንተ አምጣው» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም በሚዛን ለካሁ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ራስን መመዘን፣ ዕቃውን ይዞ መመዘን፣ ልዩነቱን መውሰድ። እኔ 74 ኪሎ፤ ከራስ ቁር፣ ከጃኬትና ከቦት ጫማ ጋር 82። ሣጥንና መጫኛ 21። ዕቃ 38። የመፍቻና የመለዋወጫ ከረጢት 9። ውሃ 4። ድምሩ 154 ኪሎ ነው። መመሪያ መጽሐፉ ደግሞ ነጂውን ጨምሮ 150 ኪሎ ነው የሚፈቅደው። የመጠባበቂያ ቤንዚኑን ገና አልጨመርኩም።

ከዚህ ቀን በኋላ ሥራው አቅጣጫውን ቀየረ።

ሳምንት 4

የብረት ሣጥኖቹን ተውኩ። ውሃ የማያስገባ የሸራ ጎን ሻንጣ ገዛሁ፤ መጫኛውን በአዲስ ዲዛይን አሠራሁት፦ ቀጭን ቱቦ፣ በየጎኑ ሦስት ማሰሪያ ነጥብ፣ ከታች ወደ እግር መርገጫው የሚወርድ ሰያፍ ዘንግ። ማያያዣዎቹ ብየዳ ሳይሆኑ ብሎን ናቸው፤ ዳዶዎቹም በንዝረት ቶሎ የማይላሉ፣ ውስጣቸው ፕላስቲክ ያለባቸው። ሻንጣው አሁን ከአክሰሉ ፊት ነው የሚቀመጠው። መጫኛና ሻንጣ አንድ ላይ 11 ኪሎ መዘኑ። ይህ ስህተት መጠባበቂያ በጀቴን ሙሉ በሙሉ በላው። ላሜራውን የገዛኝ ሰው አገኘሁ፤ የተመለሰልኝ ግን ከወጪው ሲሶ አይሆንም።

ሸራ ሻንጣ አይቆለፍም። ስለዚህ ወረቀት፣ ገንዘብና ስልክ ትከሻዬ ላይ ናቸው፤ ሻንጣው ውስጥ ቢጠፋ ጉዞ የሚያስቆም ነገር አይገባም።

ዕቃውን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ቀነስኩ። ሁለተኛ ጃኬት ወጣ። ከጓደኛዬ ጋር ተነጋግረን ድንኳን፣ ምድጃ፣ ፓምፕና የጎማ መለጠፊያ አንድ አንድ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ዕቃዬ 27 ኪሎ ገባ። የመፍቻ ከረጢቱን ሳጣራ ደግሞ ሞተሬ ላይ ለየትኛውም ብሎን የማይሆኑ ስድስት መፍቻዎች አገኘሁ። አሁን ሕጉ ይህ ነው፦ ሞተሩን በከረጢቱ ብቻ መፈታት የሚገባውን ሁሉ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ያልነካሁት መፍቻ ቤት ይቀራል። 7 ኪሎ ሆነ።

ሳምንት 5

ተጭኖ መለካት። እስካሁን ባዶውን የለካሁትን ሁሉ እንደገና፣ በሙሉ ጭነት።

ሞላ፦ የኋላው ጎማ ላይና ታች የሚጓዘው 180 ሚሊሜትር ነው። ዕቃውን ጭኜ ስቀመጥበት 85 ሚሊሜትር ወረደ፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሲሶ ገደማ ነው የሚፈለገው። የሞላውን መጭመቂያ ቀለበት እያዞርን 60 ላይ አደረስነው። ከዚህ በላይ ብናጠብቀው ሲራገፍ ይደነድናል፤ ጭነቱ ለወረደበት ቀን ስንት ዙር እንደምመልስ ጻፍኩ።

የጎማ አየር፦ ብቻዬን ስነዳ ኋላ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነበር። ከጭነት ጋር የሞተሩ መመሪያ 29 ይላል። የምለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ሰንሰለት፦ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። መመሪያው ሰንሰለቱ ሲገፋ ላይና ታች ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ይላላ ይላል። እኔ ባዶውን፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለክቼ 30 ላይ አድርጌው ነበር። ጋሼ ጭነቱ ላይ ካስቀመጡኝ በኋላ ጎማውን በየሩብ ዙሩ እየገፉ ለኩ። አንዱ ቦታ ልል፣ ሌላው እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ሆነ። አሮጌ ሰንሰለት እኩል አይረዝምም፤ እኔ የለካሁት ልል የሆነው ቦታ ላይ ነበር። በዚያ ላይ የፊቱ ፒኞን (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ)፣ የኋላው ሹካ መዞሪያና የጎማው አክሰል በአንድ መስመር ሲውሉ ርቀቱ ከሁሉም ይረዝማል፤ ጭነት ደግሞ ሞተሩን ወደዚያ መስመር ነው የሚያወርደው። እንደዚያው ሄጄ ቢሆን ወይ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ወይ ከፒኞኑ ጀርባ ያለው ኩሽኔታ ይበላል። ሁለተኛው ማርሽ ሳጥን መክፈት ማለት ነው።

ሰንሰለት፣ ፒኞንና ኮሮና (የኋላው ትልቁ ጥርስ) ሦስቱንም አንድ ላይ ቀየርን። አዲስ ሰንሰለት ባረጀ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ የተበላው ጥርስ አዲሱን በጥቂት ጊዜ ያረዝመዋል።

የፊት መብራት፦ ጭነቱ ኋላውን ሲያወርደው መብራቱ ሽቅብ ያያል። ማታ ግድግዳ ላይ አበራሁና ባዶ ሲሆን የሚያርፍበትን በኖራ ምልክት አደረግኩ፤ ከጭነት ጋር ከምልክቱ በላይ አለፈ። ሞላው ከተስተካከለ በኋላም ትንሽ ዝቅ ማድረግ አስፈለገ።

ሳምንት 6

ቤንዚን። ባዶ ሞተር በሊትር 29 ኪሎ ሜትር ይሄድልኛል፤ ዕቅዱን የሠራሁትም በዚሁ ነበር። በሙሉ ጭነት ታንኩን አፉ ድረስ ሞልቼ 150 ኪሎ ሜትር ነዳሁና እንደገና ሞላሁት፦ 6.4 ሊትር። በሊትር 23.4 ኪሎ ሜትር መጣ። ከ11 ሊትሩ 10.5ቱን እጠቀማለሁ ብል 245 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገዳችን በሁለት ማደያ መካከል ያለው ረጅሙ ርቀት 268 ነው። በቀድሞው ስሌት 300 አልፎ ይሄድ የነበረው ሞተር አሁን 23 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይቆማል።

መፍትሔው የ5 ሊትር ጄሪካን ነው፤ ለቤንዚን የተሠራ፣ ክዳኑ ጎማ ያለው። የሚሞላው 4.5 ብቻ ነው፤ ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚያብጥ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ 351 ኪሎ ሜትር ይደረሳል። ጄሪካኑ 4 ኪሎ ጨመረ፤ ጠቅላላ ጭነቱ 135 ኪሎ ሆነ። በጄሪካን ነዳጅ ማሻገርን በሚመለከት የየአገሩ ደንብ ስለሚለያይ ድንበሩን ባዶውን ይዤ አልፋለሁ፤ የምሞላው ከተሻገርኩ በኋላ፣ ከረጅሙ ርቀት በፊት ባለው ማደያ ነው።

ከፍታም አለ። መንገዱ ከ600 ሜትር ተነስቶ 2,700 ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአሥር በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ካርቡሬተር ግን ይህን ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደልማዱ ይለቃል። ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ፣ የደከመ ሞተርና የበለጠ ፍጆታ ነው። ለሁለት ቀን ከፍታ ብዬ ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነውን የካርቡሬተር ቀዳዳ) አልቀይርም፤ ዋናው ነገር የአየር ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑ ነው። ትርፍ ካንዴላ ይዣለሁ።

ጎማ። የኋላው አልቆ ስለነበር ቀየርኩት፤ አውልቆ መግጠሙንም ራሴ ተለማመድኩ። በመጀመሪያው ሙከራ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ አዲሱን ካላማዳሪም (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘውን) በማውለቂያ ብረቱ ቆንጥጬ ቀደድኩት። ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ አሠራሩ ተሳስቷል ማለት ነው። የጎማው ከንፈር በአንዱ በኩል ቸርኬው መሃል ወዳለው ጎድጓዳ ካልገባ በሌላው በኩል መቼም አይወጣም። ተንበርክኬበት ተጭኜ መያዝ፣ የሳሙና ውሃ መቀባት፣ ብረቱን በትንሽ በትንሹ ማስገባት። ካላማዳሪው ከመግባቱ በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ይነፋል፤ ያኔ አይታጠፍም፣ ከብረቱም ሥር አይገባም። ሁለተኛው ሙከራ 50 ደቂቃ ሆነ። ከንፈሩ ከቸርኬው አልላቀቅ ሲል የጓደኛዬን ሞተር የጎን ማቆሚያ ጎማው ላይ አሳርፈን፣ ሞተሩን ወደዚያ አዘንብለን ተጫንነው፤ ወዲያው ለቀቀ።

የምይዘው ትርፍ ካላማዳሪ አንድ ነው፤ የፊቱ 21 ኢንች። በችግር ጊዜ እስከ ጥገና ቤት ድረስ ኋላም ይሠራል። የኋላው ግን ፊት አይሆንም።

ሳምንት 7

ኢንሹራንስ። የአገር ውስጥ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻውን ድንበር ላይ ያበቃል። በብዙ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል አገሮች ቢጫ ካርድ፣ በአውሮፓ አረንጓዴ ካርድ የሚባሉት ሽፋኑን የሚያሻግሩ ወረቀቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ስምምነት ከሌለ ኬላው ላይ ይገዛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጓደኛዬ በስልክ «ቢጫ ካርድ አውጥተሃል?» ብሎኝ «ከዓመታት በፊት» ብዬው ነበር። እሱ ስለ ኢንሹራንሱ ነበር የሚጠይቀኝ፤ እኔ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው መለስኩ። ያም ቢጫ ካርድ ነው የሚባለው። ነገሩ የታወቀው ወረቀቶቻችንን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋ ነው። የክትባቱ ማስረጃ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ስለሆነ የእኔው አሮጌው ይሠራል። ያልተከተበ ሰው ግን ማስረጃው የሚጸናው ከመርፌው ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን ይቁጠር። ኢንሹራንሱን በማግሥቱ አወጣሁ።

ሊብሬው በስሜ ወጣ። አንድ «ኤስ»። ውክልናው ባያስፈልግም የከፈልኩበት ነው፤ አልቆጭም። ወረቀት የበላው ገንዘብ አሁን ከበጀቱ ሩብ ደርሷል።

የሞተሩ ጉምሩክ ጉዳይ፦ ካርኔ ደ ፓሳዥ የሚባለውን ደብተር ማውጣት እንዳለብን ስንከራከር ከርመናል። ካርኔ የጉምሩክ ዋስትና ነው። የየአገሩ ገጽ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ሲገባ፣ አንዱ ሲወጣ ይቀደዳል፣ ግንዱ ከሁለቱ ማህተም ጋር ደብተሩ ላይ ይቀራል። የመውጫው ማህተም ከጎደለ ሞተሩ እዚያ እንደተሸጠ ተቆጥሮ ቀረጡ ከዋስትናው ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ አገር ለሚያቋርጥ ሰው ይጠቅማል። እኛ የምንሻገርበት ኬላ ጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃድ ስለሚሰጥ ትተነዋል። የፈቃዱ ሕግ ግን ያው ነው፦ ስንወጣ ማዘጋት። ከራሳችን አገር ስንወጣም የሞተሩን መውጣት ማስመዝገብ አለብን፤ አለዚያ ስንመለስ ከውጭ የመጣ ሞተር እንዳይባል የምናሳየው ነገር የለንም።

ሳምንት 8

ሙሉ ሙከራ፣ ሁለታችንም፣ ሙሉ ጭነት፣ 300 ኪሎ ሜትር። 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወሰደ፤ ዕረፍቱን ጨምሮ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ በቀን 450 ብለን ነበር። ቀየርነው፦ አስፋልት ላይ 280፣ ጠጠር ባለበት ቀን 150፣ ድንበር በምንሻገርበት ቀን 90 ብቻ። ኬላው አጠገብ አድረን ጠዋት እንደተከፈተ እንገባለን። ሲጨልም አንነዳም።

አዲሱ መጫኛ አልተነቃነቀም። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለት ዳዶ ትንሽ ላላ፤ አጥብቄ በቀለም መስመር አሰመርኩባቸው፤ ቢዞሩ መስመሩ ይሰበራል።

ጎረቤት አገር በግራ ይነዳል። መኪና ሲበዛ የፊቱን ተከትሎ መሄድ ስለሚቻል አያስቸግርም፤ አደገኛው ባዶ መንገድ ነው፦ ጠዋት ከማደሪያ ሲወጣ፣ ከማደያ ሲነሳ። እጅ የለመደውን ይይዛል። ታንኩ ላይ፣ ዓይኔ በሚያርፍበት ቦታ፣ ወደ ግራ የሚያሳይ ቀስት ለጠፍኩ። ሁለታችንም ሞተር ባስነሳን ቁጥር «ግራ» እንባባላለን። አደባባይ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይዞራል፤ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። የእኔ የፊት መብራት ወደ ቀኝ ጠርዝ ከፍ ብሎ የሚያበራ ስለሆነ እዚያ ፊት ለፊት የሚመጣውን ዓይን ይወጋል፤ ያን ክፍል የሚሸፍን ጥቁር ቴፕ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ።

ሳምንት 9

ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ተቀየረ። የፍሬን ሸራው ግማሹ አለ፤ ይበቃል። የፍሪሲዮን ገመድ ትርፉን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አሳልፌ አሰርኩት፤ ቢበጠስ ጫፎቹን መቀየር ብቻ ነው።

የወረቀቶቹ ሦስት ቅጂ አለ፤ አንዱ ትከሻዬ ላይ፣ አንዱ በጓደኛዬ ሻንጣ፣ አንዱ ከመቀመጫው ሥር በፕላስቲክ። አጎቴ አራተኛ ቅጂ ቤታቸው እንዲቀመጥ ፈለጉ፤ ሰጠኋቸው።

ዛሬ ማታ ሞተሩ ተጭኖ ቆሟል። ጋሼ ሰንሰለቱን ሊያዩ መጡ። ተቀመጥኩበት፣ እሳቸው ጎማውን በየሩብ ዙሩ እየገፉ ለኩ፤ አራቱም ቦታ እኩል ነው፣ በበቂም ይላላል። የኋላ ጎማው 29 ፒኤስአይ። ታንኩ ሙሉ፣ ጄሪካኑ ባዶ። ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን።